ከእንጦጦ አናት ላይ የሚታይ
(ለደብረ ወርቅ አካባቢ ጎልማሶች የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ተራራ ነው። ተራራው እንጦጦ ይባላል። ከአዲስ አበባ ከተማ በስተሰሜን ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል።

«የእኛ አገር ተራራ አንሶ ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። አላነሰም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እንጦጦን ይበልጠዋል። ነገር ግን እንጦጦ ላይ የደረሰው ነገር ለእኛም ትምህርት ይሆናል።

ከደብረ ወርቅ ተነስቶ በብቸናና በደጀን አድርጎ፣ የአባይን በረሃ ተሻግሮ፣ በጎሐ ጽዮንና በሱሉልታ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ የእንጦጦን ጀርባ ያቋርጣል። ብዙው ሰው ግን በእንቅልፍ ያልፈዋል። ዘመድ ልትጠይቁ ወይም ለጉዳይ የሄዳችሁ እንደሆነ ግማሽ ቀን አትርፋችሁ ውጡበት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ታክሲ አለ። በእግርም ይወጣል፤ ዳገት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ክረምት ከወጣ በኋላ፣ በጧት ቢሆን ይመረጣል። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል። ብርድ አለና ጋቢ ያዙ።

ከላይ ሆናችሁ ወደ ደቡብ ስታዩ ከተማው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። በስተምዕራብ የወጨጫ ተራራ፣ በስተምሥራቅ በኩል የረር ይታያሉ። ቀኑ ብራ ከሆነ ዝቋላም ከሩቅ ይታያል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የተቀመጡት እዚህ ተራራ ላይ ነበር። ለምን ቢባል፣ ከፍታ ለጥበቃ ይመቻል፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን ቦታው ብርድና ነፋስ የበዛበት ነው። ማገዶም እየራቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ በኋላ ሰዉ እየወረደ እዚያ ሰፈረ።

ሰው ሲበዛ ለምድጃውም ለቤቱም እንጨት ይፈልጋል። በዙሪያው ያለው ዛፍ ተቆርጦ ተመናመነ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። እስቲ አስቡት! አዲስ አበባ ጠላት ሳይመጣባት በእንጨት እጦት ልትፈታ ነበር።

ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እንጦጦም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። ለብዙ ዓመታት ድሆች ሴቶች ከዚያ ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ፣ ሽጠው ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ስለዚህ ባሕር ዛፍን ዝም ብሎ ማውገዝ አይገባም።

ሆኖም ጉዳትም አለው። ውሃ አብዝቶ ይስባል። ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም። ዳገት ላይ ሣር ከጠፋ ደግሞ ጎርፍ አፈሩን ይጠርገዋል። በዚህ ምክንያት እንደ ጽድና ወይራ ያሉት የአገራችን ዛፎች እንጦጦ ላይ እንደገና ተተክለዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፍቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእንጦጦ አናት ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ የወረደው በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ይቀራል። ወደ ሰሜን የወረደው ግን በሙገር ወንዝ አድርጎ አባይ ይገባል። እዚያ ከእኛ ውሃ ጋር ይገናኛል። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ከጮቄ ተነስተው ወደ አባይ የሚወርዱ አይደሉም ወይ?

በሐምሌና በነሐሴ አባይ ለምን እንደሚደፈርስ እናውቃለን። የሚያደፈርሰው አፈር ነው። ማዳበሪያ በውድ ገዝተን የጨመርንበት አፈር ጭምር አብሮ ይሄዳል። በሱዳን ያለው የሮሴሪስ ግድብ በዚህ ደለል ብዙ ውሃ መያዣውን አጥቷል። የራሳችን ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እርሱም ያለው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። የእኛ ማሳ የለቀቀውን አፈር ግድቡ ይቀበላል። ማሳው ይከሳል፤ ግድቡም በደለል ይጎዳል። ማንም አይጠቀምም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣል፤ ቤትም ይሠራል። ግን ከምንጭ ዳርና ከእህል ማሳ አጠገብ አንትከለው። ለእህል የማይሆን መሬት ይበቃዋል። ዳገት የሚያርስ ሰው እርከኑን በየዓመቱ ይጠግን። ጅባራና አስታ የበቀለበትን የጮቄን አናት ማረሻ አይንካው። እዚያ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ለምንጮቻችን ይሰጣል። አናቱ ከተራቆተ ዝናቡ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ያልቃል፤ በበጋም ምንጩ ይደርቃል።

ደብረ ወርቅ ራሷ ከፍታ ላይ ያለች አገር ናት። ይህን ለማየት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። በዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቁሙ። እነዚህንም ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ።

1ኛ/ የምንጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል?
2ኛ/ አፈራችን በየትኛው ቦይ እየወረደ ነው?
3ኛ/ ልጆቻችን ጎጆ ሲወጡ እንጨቱን ከየት ያገኙታል?

መልሱን ደብተር ላይ ጻፉት። መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። ከዚያም በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንብባችሁ ተወያዩበት።