የጅማ ፀሐይና የቆዳ ዓይነት

የሰው ቆዳ ፀሐይን በሚቋቋምበት መጠን በስድስት ዓይነት ይመደባል። ምደባውን በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ነው። መጀመሪያ ለነጮች ብቻ ነበር፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ የተጨመሩት ዘግይተው ነው፣ ጉድለቱም ይታወቃል። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ቀዩም፣ ቀይ ዳማውም፣ ጠይሙም፣ ጥቁሩም በአንድ ቤት ይገኛል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስስ ደመናም ብዙ አያግደውም። ቡና ለቀማ ላይ ያለ ሰው ጥላ ዛፍ ይከልለዋል። ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጥ ሴት ግን ሻሿ ፀጉሯን እንጂ ጉንጯን፣ አፍንጫዋንና የእጇን ጀርባ አይሸፍንም።

ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የበዛበት ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም፤ ይሁንና ማድያት ይወጣበታል፣ እርግዝናም ያባብሰዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ ማቅያ ክሬም ቆዳን አሳስቶ ለፀሐይ ያጋልጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሜላኒናቸው እጅግ አነስተኛ የሆነ፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ናቸው፦ ለእነሱ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ቅባት የግድ ነው፤ የማይድን ቁስል ከታየም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።