ትልቅ ጎማ ለሚገጠምለት ባለፎርዊል መኪና የዲፈረንሲያል ምርጫ

(ለእርዳታ ማጓጓዣ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከዋናው ጎዳና የራቀው መንደር በድርቅ ጊዜ የሚደረስበት በባለፎርዊል መኪና መሆኑ የታወቀ ነው። የመኪናው ሆድ በድንጋይ እንዳይመታ በማሰብም ከፋብሪካ ከመጣበት የሚበልጥ ጎማ መግጠም የተለመደ ሆኗል። ጎማው ሲለወጥ ከሞተሩ እስከ መሬት ያለው የማርሽ ስሌት አብሮ እንደሚለወጥ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እኔ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ ሆኖም ሒሳቡ ከወረቀትና ከእርሳስ በላይ አይጠይቅም።

የጎማው ቁመት 31 ኢንች፣ የዲፈረንሲያሉ ቁጥር 4.10 የሆነ መኪና እንውሰድ። 4.10 ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ድረስ ዲፈረንሲያሉን የሚያዞረው ዘንግ አራት ጊዜ ዞሮ ጥቂት ያልፋል ማለት ነው። በዚህ መኪና ላይ 35 ኢንች ጎማ ብንገጥም በአንድ ዙር የሚሸፈነው መንገድ 13 በመቶ ያህል ይረዝማል፤ የመጎተት ኃይሉ ደግሞ 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 35ን ለ31 አካፍለን በ4.10 ስናባዛው 4.63 እናገኛለን። የቀድሞውን ጉልበት የሚመልሰው ይህ ቁጥር ነው። ለብዙ መኪናዎች ተሠርተው የሚሸጡት ግን 4.56 እና 4.88 በመሆናቸው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል።

በቅርበቱ ከታየ 4.56 ይሻላል፤ ለሜዳና ለቆላ መንገድም ይበቃል። ለደጋው መንገድ ግን እኔ 4.88ን እመርጣለሁ። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣውን ጠመዝማዛ አቀበት አስቡ። አላማጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር፣ ኮረም 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከታላላቆቹ መጠለያዎች አንዱ በዚያ ዳገት ጫፍ ላይ የነበረው የኮረም መጠለያ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ትልቁ ጎማ ራሱ ከባድ ነው፤ ጭነቱም አለ። ከዚህ የተነሣ ሹፌሩ መኪናውን ለማስነሣት ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ያቃጥለዋል፤ አልሚ ምግቡም ዳገቱ መካከል ይቀራል። በዝቅተኛው የፎርዊል ማርሽ ይውጣ የሚል አይጠፋም። ይህ ማርሽ ለጭቃና ለአሸዋ እንጂ ለደረቅ ጠንካራ መንገድ አይሆንም።

እርግጥ 4.88 ዋጋ ያስከፍላል። በሜዳ ላይ ሞተሩ ከቀድሞው 5 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይዞራል፤ በዲፈረንሲያሉ ውስጥ ያለው አነስተኛው ባለጥርስ ብረትም ይበልጥ ስለሚያንስ ጥንካሬው ይቀንሳል።

የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሲያል አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የኋላው ብቻ ቢለወጥ፣ ፎርዊሉ በገባ ጊዜ የፊትና የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ ይታገሉና የማርሽ ሳጥኑን ይሰብሩታል። ፍሬኑን ደግሞ ዲፈረንሲያል አይመልሰውም፤ ጎማው በተለቀ መጠን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፣ አቀበቱን የወጣ መኪናም መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ለአብዛኞቹ መኪናዎች በፋብሪካው ጎማ መቆየት ይመረጣል። በአንድ ጉዞ የተሰለፉ መኪናዎች መለዋወጫ ጎማ መዋዋስ የሚችሉትም መጠኑ አንድ ሲሆን ነው።

ጎማቸው አስቀድሞ የተለወጠ መኪናዎች ስላሉ ለሒሳብ ክፍል አንድ ነገር ልጨምር። ዲፈረንሲያሉ ሳይነካ ጎማው ብቻ ከተለወጠ ቆጣሪው 1,000 ኪሎ ሜትር የተሄደውን 886 ብሎ ይመዘግባል። ነዳጅ በቆጣሪው ልክ ሲወራረድ ንጹሕ ሹፌር ቤንዚን ወይም ናፍጣ እንደ ሸጠ ሆኖ ይታያል። 80 ሲያሳይ በ90 እየነዳ መሆኑም ሊነገረው ይገባል። በ4.88 ደግሞ ቆጣሪው ከካምቢዮ በኩል የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ተገልብጦ 5 በመቶ ያህል ያበዛል። በኪሎ ሜትር ድንጋዮች መካከል 50 ኪሎ ሜትር ነድቶ ልዩነቱን በመኪናው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ይበቃል።