ጋዋናቸውን በሻንጣ ያስቀመጡ እህቶቻችን
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ዓመት ቡና ላይ ተሰብስበን አንዷን እህታችንን «ዶክተር» ብለን ብንጠራት፣ «እባካችሁ እሱን ተዉት፤ እዚህ እኮ ሞግዚት ነኝ» አለችን። ጎንደር ተምራ፣ አገር ቤት በወረዳ ሆስፒታል ቀን ከሌሊት ስታክም የነበረች ናት። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እንደ እሷ ያሉ ሌሎችንም እናውቃለን። አንዷ አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ሌላዋ ፓርኪንግ ትሠራለች። እኛም ለብዙ ጊዜ «ነርሲንግ ተማሪና ቶሎ ሥራ ያዢ» እያልን ስንመክር ኖረናል። ክፋት አልነበረንም፤ ግን ከሙያቸው እንዲወጡ ነበር የመከርናቸው።

መንገዱን ለማታውቁ እንንገራችሁ። ውጭ አገር የተማረ ሐኪም አስቀድሞ የኢሲኤፍኤምጂ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ዲፕሎማው ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ይጣራል፤ ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 የሚባሉትን የዩኤስኤምኤልኢ ፈተናዎች በ7 ዓመት ውስጥ ማለፍ አለበት፤ የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ። ከዚያ የሬዚደንሲ ቦታ ፍለጋ ይመጣል፤ ውጤቱ በየዓመቱ በማርች ወር ይታወቃል። ቦታ ያገኘ ሰው ለምሳሌ በቤተሰብ ሕክምና 3 ዓመት ይሠለጥናል። ችግሩ ብዙ ፕሮግራሞች ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈውን ሰው አለመፈለጋቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩ ሐኪሞችም የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ለቤት ኪራይ ስትሮጥ የቆየች እናት ይህን ከየት ታምጣው?

እኛ መጀመሪያ ያሰብነው ገንዘብ ብቻ ነበር። አዋጥተን የእህታችንን የፈተና ክፍያ ከፈልን። ቀኑ ሲደርስ ፈተናውን አራዘመችው። እውነቱን ለመናገር ተቆጣን፤ «ብራችን!» ያልንም ነበርን። ኋላ ቤቷ ስንሄድ ሁለት ሕፃናት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከገጽ 40 ያላለፈ መጽሐፍ አገኘን። ያጣችው ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራታችን ቅዳሜና እሑድ ልጆቿን በተራ እንይዛለን፤ እሷ ቤተ መጻሕፍት ትውላለች። ስቴፕ 1ን አለፈች። ከ2022 ጀምሮ ውጤቱ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሆነ «ስንት አመጣሽ?» ማለት አልቻልንም፤ እልልታው ግን ጎረቤት አስወጥቷል።

ሕጉም እየተንቀሳቀሰ ነው። ቴነሲ በ2023፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በ2024 ውጭ አገር የሠለጠኑ ሐኪሞች ጊዜያዊ ፈቃድ የሚያገኙበትን ሕግ አውጥተዋል። ደስ ብሎናል፤ ሆኖም ሲነበብ የሚያሳስብ ነገር አለው። የቴነሲው ሕግ ሲወጣ ውጭ አገር ስፔሻላይዝ ያደረገን ወይም በቅርብ ዓመታት ሲያክም የነበረን ሐኪም የሚመለከት ነበር። እዚህ ልጅ ስታሳድግ ስድስት ዓመት ያለፋትን ጠቅላላ ሐኪም አያካትትም። ስለዚህ ሜሪላንድ የምንኖር አባላት ለአናፖሊስ ተወካዮቻችን በምንጽፈው ደብዳቤ «እንደ ቴነሲ አድርጉልን» ብለን አንቁም። ከሙያው የራቁትም በሌላ ሐኪም ክትትል ሥር እየሠሩ የሚመለሱበት በር ይከፈት ብለን እንጠይቅ። እናቶቻችን ሕመማቸውን በስልክ አስተርጓሚ ሲያስረዱ ስንቴ አብረናቸው ተቀምጠናል? «ልቤን ያዞረኛል» የሚለውን ስንቱ ወደ ልብ ሐኪም ልኮታል!

ደጋፊዎቻችን፣ ያሰባሰባችሁት ገንዘብ ለሁለት እህቶች የፈተናና የማመልከቻ ክፍያ ይውላል። አባላት ደግሞ ልጅ የመያዝ ተራ መመዝገቢያው ቡናው አጠገብ ነው። የእሑድ ከሰዓት በኋላው ገና ሰው አላገኘም።