ቦቴው ጎሬ እስኪደርስ

እሷ፦ አዲስ አበባ ላይ የነዳጅ ሰልፍ ሲረዝም ወሬው አገር ያዳርሳል። በእኛ ከተማ በጎሬ ግን የነዳጅ ቦቴ ባለመምጣቱ ሰልፍ እንኳ የማይኖርበት ቀን አለ።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። ነዳጁ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ መቱ ለመድረስ ገና 600 ያህል ይቀረዋል። ጎሬ ደግሞ ከመቱም ያልፋል። የችርቻሮ ዋጋ በየከተማው ሲተመን የማጓጓዣው ወጪ ስለሚታከልበት፣ በሕጋዊው ዋጋም እኛ የበለጠ እንከፍላለን።

እሷ፦ ማደያው ሲደርቅስ? ባለፈው አንድ ባጃጅ ነጂ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ሲገዛ አየሁ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ፣ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንዳይሆን አገላብጦ አየው። ዋጋውን ግን አልተከራከረም። የት ይሄዳል?

እሱ፦ ያ ጭማሪ ዞሮ ቡናዋን ተሸክማ ገበያ የምትወጣ እናት ላይ ያርፋል። እኮ ይቺ ጎሬ፣ ቡናዋን በበቅሎ ጋምቤላ አውርዳ፣ ክረምት የባሮ ወንዝ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ትልክ የነበረች የንግድ ከተማ ናት! ዛሬ የመስመሩ ጫፍ ሆነች።

እሷ፦ ሩቅ ስለሆነች ብቻ ቦቴ መጀመሪያ የሚቋረጥባት እሷ መሆን የለባትም። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ መቱ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስም የሚቀዳው ከዚሁ ማደያ ነው።