ልብ ለምን ወደ አንዱ ያደላል?



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! አንዱን ሰው ገና ስታዩት ትወዱታላችሁ፤ ሌላውን ግን ምንም ሳይበድላችሁ ልባችሁ ይሸሸዋል። ለምን ይመስላችኋል?

ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍሶችን በተሰለፈ ሠራዊት መስለው፣ የተዋወቁት እንደሚላመዱ፣ ያልተዋወቁት ደግሞ እንደሚለያዩ አስተምረውናል። ዑለማዎች ሲያብራሩት፣ ሰው በጠባይ ወደሚመስለው ያዘነብላል ይላሉ። ኢብኑል ጀውዚ ግን አንድ ቁም ነገር ይጨምራሉ፤ ልቡ ደግ ሰውን የሸሸበት ሁሉ ምክንያቱን መርምሮ ከራሱ ለማስወገድ ይጣር ይላሉ።

እንግዲህ የልብ ዝንባሌ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ መቀራረብም ይለውጠዋል። በ1950 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በተማሪዎች መኖሪያ ሰፈር ወዳጅነት በብዛት የተመሠረተው በራቸው በተቀራረበ ጎረቤቶች መካከል መሆኑን አሳይቷል።

ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ወንድማማች ያደረጉት የሚመሳሰሉትን ብቻ አልነበረም። ከፋርስ የመጡትን ሰልማንን (ረ.ዐ.) ከመዲናው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ጋር አስተሳሰሩ። አቡ ደርዳእ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ተጠምደው የባለቤታቸውን ሐቅ በዘነጉ ጊዜ፣ ሳያፍሩ የመከሯቸው እኚሁ የሩቅ አገር ሰው ነበሩ። ነብዩም ምክሩን አጸደቁት።

ስለዚህ በመጪው ጁምዓ ከምትወዱት ሰው ጎን ብቻ አትቁሙ። ከኋላው ሶፍ ሰግዶ፣ ማንም ሳያናግረው የሚወጣ ሰው አለ። ስሙን ጠይቁት፤ በሚቀጥለውም ጁምዓ ፈልጉት። ምናልባት ነገ የሚመክራችሁ ወንድም እሱ ይሆናል።

አላህ ልቦቻችንን ያስተሳስር። አሚን።