የቆዳ ኮላ ማሞቂያ ድስት አመራረጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የእንጨት ሥራ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)






ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ሰዓት፣ እኛ የእንጨት ሥራ ክበብ አባሎች አጭር ንግግር እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን በቅድሚያ ምስጋናችንን እናቀርባለን። አርእስታችን ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የምንናገረው ስለ አንድ ድስት ነውና። ነገር ግን ይህ ድስት የወንበርን እግር ከመቀመጫው ጋራ የሚያስተሳስረውን ኮላ የሚያሞቅ ስለ ሆነ፣ አመራረጡን አለማወቅ የተማሪውን ድካም፣ የወላጁን ገንዘብና ከደናችን የተቆረጠውን እንጨት በከንቱ ያስቀራል። ስለዚህ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

በመጀመሪያ የቆዳ ኮላ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ይህ ኮላ የሚሠራው ካልለፋ የከብት ቆዳ ነው። ቆዳው ጸድቶ በሙቅ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ኮላጅን የተባለው ነገር እየሟሟ ይወጣል፤ ሲደርቅም ቡናማ ፍርፋሪ ወይም ቅጠል መሳይ ሆኖ ይሸጣል። ሠራተኛው ፍርፋሪውን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ ካሳበጠው በኋላ አሙቆ ያቀልጠዋል፤ በብሩሽም ትኩሱን ይቀባዋል። ኮላው ሲበርድ ይረጋል፤ ውኃው ወደ እንጨቱ ገብቶ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ቀንድ ይጠነክራል።

ጥበቡ እጅግ የቆየ ነው። በግብፅ አገር በቴብስ በሚገኘው የሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከ3,400 ዓመታት ያህል በፊት የተሣሉ አናጢዎች የኮላ ማሰሮአቸውን እሳት ላይ ጥደው በብሩሽ ሲቀቡ ይታያሉ። ከዚያም ወዲህ የአውሮፓ የቫዮሊንና የፒያኖ ሠሪዎች ሥራቸውን ያጣበቁት በዚሁ ኮላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ማሞቅ የማያስፈልገው ነጭ ኮላ በየሱቁ ሲሸጥ በድስትና በእሳት መድከም ለምን አስፈለገ? የሚል ይኖራል። ለአዲስ ወንበርና ለአዲስ ጠረጴዛ ነጩ ኮላ መልካም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የላላ መጋጠሚያ ሲጠገን፣ የደረቀ ነጭ ኮላ በላዩ የሚቀባውን አዲስ ኮላ ወደ እንጨቱ ስለማያሳልፍ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ በሚፋቅበትም ጊዜ እንጨቱ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። የቆዳ ኮላ ግን በሙቀትና በእርጥበት ተመልሶ ይለሰልሳል፤ አዲሱም ከአሮጌው ጋራ ይዋሐዳል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ የአያት ሣጥንና የቆየ ወንበር ለሚጠግን ሰው ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

እንግዲህ ወደ ድስቱ እንመለስ። የቆዳ ኮላ የሚሠራበት ሙቀት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ70 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ኃይሉን የሚሰጠው የኮላጅን ሰንሰለት እየተበጣጠሰ ይደክማል። ከዚህ ወርዶ ሲበርድ ደግሞ ሳይቀባ በፊት ይረጋል። ስለዚህ ጥሩ ድስት ማለት ቶሎ የሚያፈላ ሳይሆን ሙቀቱን በልክ ይዞ የሚቆይ ነው። ቡና በጀበና ሲፈላ ደስ ይለናል፤ ኮላ ከፈላ ግን ተበላሸ ማለት ነው።

በዚህ መሠረት የሚገዛ ወይም የሚያሠራ ሰው አራት ነገሮችን እንዲመረምር እንመክራለን።

አንደኛ፤ በእሳቱና በኮላው መካከል ውኃ መኖር አለበት። ይኸውም ድስቱ ድርብ ሆኖ በውጭኛው ውኃ፣ በውስጠኛው ኮላ ይገባል ማለት ነው። በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ጣሳ ላዩ ገና ሳይሞቅ ታቹ ያራል። ውኃው ሙቀቱን ዙሪያውን እኩል ያደርሳል። የውኃው መጠን ከኮላው ሦስት እጥፍ ቢሆን እሳቱ ቢደክም እንኳ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። ነገር ግን ውኃ ስለ ተደረገ ብቻ መታመን አይገባም። መቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በዚህ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍ ብላ በምትገኘው በጎሬ ደግሞ ከዚህ ጥቂት ዝቅ ይላል። ይህም ቢሆን ለኮላው እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ውኃው እንፋሎት ያሳይ እንጂ መንፈቅፈቅ የለበትም።

ሁለተኛ፤ የውስጠኛው ዕቃ ከምን እንደ ተሠራ መታየት አለበት። ያልተለበጠ ብረት ኮላውን ያጠቁራል፤ ታኒን ያለበትን እንጨትም ጥቁር ያደርገዋል። በድሮ ጊዜ የውስጡ የብረት ድስት በቆርቆሮ ማዕድን ይለበጥ የነበረው ስለዚህ ነው። ለእኛ ኢናሜል ጣሳ፣ የማይዝግ ብረት ኩባያ ወይም ወፍራም የብርጭቆ ዕቃ ይበቃናል። ብርጭቆ ሲሆን የድስቱን ወለል እንዳይነካና እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ የሽቦ ቀለበት ይደረግለት።

ሦስተኛ፤ መጠኑ ከቀኑ ሥራ ጋራ የተመዛዘነ ይሁን። ኮላ ደጋግሞ በሞቀ ቁጥር ይደክማል፤ እንደ ሥጋ መረቅም ከቆየ ይሸታል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ 100 ግራም ደረቅ ኮላ በ180 ግራም ገደማ ውኃ ቢዘፈዘፍ ለብዙ መጋጠሚያ ይበቃል። ስለዚህ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውስጥ ዕቃ ለክፍላችን በቂ ነው። ትልቅ ድስት መግዛት ትልቅ ኮላ ማበላሸት ነው።

አራተኛ፤ የሙቀቱ ምንጭና መቆጣጠሪያው ይታሰብበት። የኤሌክትሪክ ኮላ ማሞቂያ ራሱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ስላለው በ60ና በ65 ዲግሪ መካከል ሙቀቱን ይጠብቃል፤ መብራት በማይቋረጥበትና ኮላ በየቀኑ በሚሠራበት ቤት ከሁሉ የሚሻል እርሱ ነው። የሕፃን ጡጦ ማሞቂያም ለጥቂት ኮላ ያገለግላል፤ ነገር ግን ከመታመኑ በፊት ሙቀቱ ይለካ። መብራት በሄደ ጊዜ ግን እነዚህ ሁሉ ቀዝቃዛ ዕቃ ሆነው ይቀራሉ፤ በእሳትም ላይ ሊጣዱ አይችሉም።

ይህን ሁሉ ካመዛዘንን በኋላ፣ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በቡሬም ሆነ በበደሌ ለሚገኝ የትምህርት ቤት ወርክሾፕ የምንመርጠው በኤሌክትሪክም በከሰልም ላይ የሚጣደውን ድርብ ድስት ነው። ይህንንም ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልግም። አንድ መካከለኛ የአሉሚኒየም ድስት ይገዛል፤ ቆርቆሮ ሠሪ ክዳኑን በልኩ ይበሳውና ኢናሜሉ ጣሳ በከንፈሩ ተንጠልጥሎ በውኃው ውስጥ ይቀመጣል። እንፋሎቱ እንዲወጣ በክዳኑ ጎን ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ይደረጋል፤ የሙቀት መለኪያውም በዚያው ይገባል። መለኪያው እስከ 100 ዲግሪ የሚደርስ የምግብ ወይም የላቦራቶሪ መለኪያ ይሁን። የሐኪም ቤቱ መለኪያ እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው የጥንቃቄን ነገር ነው። በአገራችን ክረምቱ ረዥም፣ ዝናቡም ብዙ ስለ ሆነ በርና መስኮት ዘግቶ መሥራት የተለመደ ነው። በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ የከሰል ምድጃ የሚያወጣው ጋዝ ሽታም መልክም ሳይኖረው ሰውን ይገድላል። የመላጊያ ፍቅፋቂና የመጋዝ ዱቄት ባለበትም አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ወርክሾፑን ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ ከሰሉ በውጭ በበረንዳ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚገባው የሞቀው ድስት ብቻ ይሁን። ድስቱም በወፍራም ጨርቅ ቢጠቀለል ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በየጊዜውም በመለኪያው ይታይ። የተከደነና የታሸገ ጣሳ ከቶ እሳት ላይ አይጣድ፤ እንፋሎቱ ይፈነዳልና።

ድስቱ ከተመረጠ በኋላ አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ኮላው ከብሩሹ ጫፍ ሲወርድ እንደ ሞቀ ማር ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት፤ የኢሉባቦርን ማር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቢወፍር ጥቂት ሙቅ ውኃ ይጨመርለታል። ኮላው ከተቀባ በኋላ ቶሎ ስለሚረጋ ድስቱ ከሥራው ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጥ፤ እንጨቱም በብርድ ቀን አስቀድሞ ይሙቅ፤ ማጥበቂያው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። በሥራው ፍጻሜ ጣሳውና ብሩሹ በሙቅ ውኃ ይታጠቡ።

ክቡራንና ክቡራት፤

የምንኖርበት አገር የወንዛና የቀረሮ አገር ነው። ወንዛ፣ በኦሮምኛ ወዴሳ የሚባለው ዛፍ፣ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። የያዩ የቡና ደን በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ፣ እነዚህን ዛፎች የመጠበቅ አደራ በዓለም ፊት ተሰጥቶናል። አንድ ወንበር እግሩ በላላ ቁጥር ተጥሎ ሌላ ከተሠራ ሌላ ዛፍ ይወድቃል። ጠጋኝ ካገኘ ግን ያው ወንበር የልጅ ልጅ ያስቀምጣል። ቆዳውም ቢሆን የሚገኘው ከራሳችን ከብት ነው። በድሮ ዘመን ከጎሬ ወርዶ በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን በሚሄደው ንግድ ውስጥ ከቡናው ጋራ ቆዳና ሰም ይገኙ ነበር። ዛሬ ደግሞ ያን ቆዳ በእጃችን ወደ ጥቅም ብንለውጠው ማን ይከለክለናል?

ስለዚህ መምህራኖቻችን ለወርክሾፑ አንድ ድርብ ድስትና አንድ የሙቀት መለኪያ እንዲፈቅዱልን እንለምናለን። ወላጆቻችን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ቆርቆሮ የሚሠራ፣ አናጢነት የሚያውቅ ካለ አንድ ቀን መጥቶ እንዲያስተምረን በአክብሮት እንጠይቃለን። እናንተም ተማሪዎች፣ የእጅ ሥራ የሰነፍ መሸሸጊያ አለመሆኑን ዕወቁ፤ ሙቀትን መለካት፣ ውኃን መመጠን፣ ጊዜን መጠበቅ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ናቸው።

 ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜና መልካም ፍሬ እንመኛለን።