ኮከባችንና ገበታችን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ሴቶች፣ ኮከብና ምግብ» የሚል ነው። ርዕሱ ሲጠራ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። እውነት ነው፤ እዚህ የምንሰበሰበው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድርና ስለ ልጆች ትምህርት ለመነጋገር ነው። ነገር ግን አጀንዳው አልቆ ቡና ሲቀርብ ወሬው የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። «እኔ እኮ ኮከቤ ሰውር ነው፤ ምግብ አይቼ ማለፍ አልችልም» ትላለች አንዷ። «እኔ ደግሞ አቅራብ ነኝ፤ የበላሁት አይረጋልኝም» ትላለች ሌላዋ። «የእሷማ ኮከብ እሳት ነው፤ ከከፋት ሦስት ቀን እህል አትቀምስም» ይባላል ስለ ሦስተኛዋ። እንስቃለን፤ ስኒው ይታጠባል፤ ወደየቤታችን እንሄዳለን።

እኔ ግን ይህ ጨዋታ ውስጥ ቁም ነገር አለ ባይ ነኝ። ሴት ልጅ ስለ ምግብ የሚሰማትን በግልጽ እንድትናገር ብዙ ቦታ አልተሰጣትም። ስለዚህ በኮከብ አሳብባ ትናገራለች። ዛሬ የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው፤ ኮከቡ የሚናገርልንን በራሳችን ስም መናገር እንችል እንደሆነ እንድናስብ ነው።

ኮከብ እንዴት እንደሚቆጠር ለማታውቁ ወጣቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። በአውደ ነገሥት ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የባለቤቱ ስም ፊደላትና የእናቱ ስም ፊደላት ይደመሩና በ12 ይገደፋሉ። የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ያመለክታል። ከሐመል ተነሥቶ በሰውር፣ በገውዝ፣ በሸርጣን እያለ እስከ ሑት 12 ይደርሳል። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። 12ቱ ደግሞ በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውሃ ይከፈላሉ፤ ለእያንዳንዱም ጠባይና ዕድል፣ የሚስማማውና የማይስማማው ተጽፎለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። በመታወቂያችን፣ በባንክ ደብተራችን፣ በትምህርት ቤት መዝገብ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው። ኮከባችን ግን የሚቆጠረው በእናታችን ስም ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ኮከብ አላቸው። እሱ በስልክ የሚመጣው፣ በልደት ቀን የሚቆጠረው ነው። በመስከረም መጨረሻ የተወለደች ልጅ በስልኳ ሚዛን ናት። በስሟና በእናቷ ስም ስትቆጠር ግን አሰድ ልትሆን ትችላለች። አንዱ ጠባይሽ ነፋስ ነው ሲላት ሌላው እሳት ነው ይላታል። ሁለት ኮከብ አላት፤ ሆዷ ግን አንድ ነው።

ታዲያ ለምን ሁለቱም እውነት ይመስሉናል? በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመዘኛ ካስሞላ በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ይህ ያንተ ነው፤ ይህ ያንቺ ነው» ብሎ ውጤት ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡት ጠየቃቸው። በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። ለሁሉም የሰጣቸው ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ያውም በየሱቁ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። እኔም አሁን ተነሥቼ «አንቺ ሲከፋሽ ወይ ታበዢያለሽ ወይ ጨርሶ ትተዪዋለሽ፤ ለሌላው ስትሰጪ ደስ ይልሻል፤ ለራስሽ ግን ትሰስቻለሽ» ብል እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ «እንዴት አወቀችብኝ!» ትላላችሁ? ይህን ለማወቅ ሰማይ መመልከት አያስፈልግም። እኛን መመልከት ይበቃል።

ቋንቋችንም ሆድንና ስሜትን ለያይቶ አያውቅም። ስናዝን «ሆድ ባሰኝ» እንላለን። መናገር የማንችለውን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። ቶሎ የምታዝነው ሆደ ባሻ ናት፤ ታጋሿ ሆደ ሰፊ ናት። የምንወደውን ልጅ «ሆዴ» ብለን እንጠራዋለን። እንግዲህ ይህን ሁሉ ፍቅርና ሐዘን የተሸከመ ሆድ ራሱ ሲርበው፣ ባለቤቲቱም ለራሷ አንድ ጭልፋ ስትጨምር ምን ትባላለች? «ሆዳም።» ሆድ ለሌላው ሲሆን ፍቅር ነው፤ ለራሷ ሲሆን ነውር ሆነባት።

ሴት ልጅ «ይህን መብላት እፈልጋለሁ» ብላ ያለ እፍረት እንድትናገር የሚፈቀድላት መቼ መቼ እንደሆነ እንቁጠር። መጀመሪያ ስታረግዝ ነው። ያን ጊዜ አምሮቷ ይከበራል። ጎረቤት ሳይቀር «ያማራትን ካላገኘች ለልጁ ምልክት ይሆናል» ብሎ ያላትን ያመጣላታል። ሁለተኛ አራስ ስትሆን ነው። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ ትኩስ ሆኖ ይቀርብላታል፤ «ጡትሽ እንዲሞላ» ይባላል። ሦስተኛው ቀድሞ በብዙ አገር የነበረ፣ ዛሬም ያልጠፋ ነው፤ ዛር ሲሰፍርባት። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ውስጥ ወራት ተቀምጦ የዛር ሥርዓት ሲከታተል ቆይቷል። ዛሩ ቡና ይፈልጋል፤ ዛሩ መልኩ እንዲህ የሆነ በግ ይፈልጋል፤ ይመጣለታል። አራተኛው ኮከብ ነው። «ኮከቧ ገብስማ ዶሮ ይፈልጋል» ከተባለ፣ በአዘቦት ቀን ዶሮ የማይገዛው አባወራ ገበያ ይወርዳል።

አራቱንም ተመልከቷቸው። በመጀመሪያው የጠየቀው ጽንሱ ነው። በሁለተኛው የሚጠባው ልጅ ነው። በሦስተኛው ዛሩ፣ በአራተኛው ኮከቡ ነው። ሴቲቱ ራሷ አንድም ቦታ አልጠየቀችም። ፍላጎቷ ሁልጊዜ በሌላ ስም ሲገባና ሲወጣ ይኖራል።

«ታዲያ ምን ጎዳን? ኮከቡም ቢሆን ዶሮ አስገዛልን» የምትሉ አትጠፉም። ጉዳቱን በቁጥር ልንገራችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ከ100 ውስጥ 24ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከ100 ውስጥ 22ቱ ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ነበር። ደም ማነስ ያለባት ሴት ይደክማታል፤ ያዞራታል፤ ትንሽ ስትሠራ ትንፋሿ ያጥራል፤ ትነጫነጫለች። አንዳንዷን አፈር ያምራታል፤ ይህም ከደም ማነስ ጋር አብሮ የሚታይ ምልክት ነው። ይህን ሁሉ «ኮከቤ ከባድ ነው»፣ «ኮከቤ ውሃ ስለሆነ ደካማ ነኝ» ብላ ካለፈችው ጤና ጣቢያ አትሄድም። ኮከብ ደግሞ አይታከም። ደም ማነስ ግን በቀላል ምርመራ ይታወቃል፤ ምክንያቱ ከታወቀም በአብዛኛው ይታከማል።

በሌላም በኩል ሲከፋት የምትበላ እኅት አለች። ባሏ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ፣ ልጇ ከአገር ወጥቶ ድምፁ ሲጠፋ፣ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ብቻዋን ማጀት ገብታ የምትበላ። እሷም «ሰውር ስለሆንኩ ነው» ትላለች። ይህን ስትል አብረናት ከሳቅን ልጇ መጥፋቱን ሳንጠይቃት ቀረን ማለት ነው።

ሰማይ ገበታችንን በእርግጥ የሚያዝበት መንገድ እንዳለም አልክድም። ጾማችን በፀሐይና በጨረቃ ይቆጠራል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት የፋሲካ ቀን ይወጣል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገባል። ሙስሊም እኅቶቻችንም ረመዳንን ጨረቃ አይተው ይይዛሉ። ይህኛው ሰማይ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ደግሞም ይራራል። እስልምና ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጾሙን ለሌላ ጊዜ እንድታቆየው ይፈቅዳል። በክርስትናም ነፍሰ ጡር፣ አራስና ሕመምተኛ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ይታዘንላቸዋል። ሆኖም ፈቃዱ እያለ «ሰው ምን ይለኛል» ብለን የማንጠቀምበት ስንቶች ነን? ሃይማኖታችን ያዘነልንን ያህል እኛ ለራሳችን አላዘንም። ኮከብ ማስቆጠርን ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይከለክላሉ። የተፈቀደውን ትተን በተከለከለው መጽናናታችን የሚገርም ነው።

አሁን ወደ እናታችን ስም ልመለስ። ኮከብ ቆጣሪው የእናታችንን ስም መጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። ምግብን የተማርነው ከእሷ ነውና። እናታችን መቼ ትበላ እንደነበር እናስታውስ። ለአባታችን አቀረበች፤ ለእንግዳ አቀረበች፤ ለልጆች አጎረሰች። ዶሮው 12 ብልት ቢወጣም ፈረሰኛው ለአባወራው ነበር። እሷ ድስቱ ግርጌ የቀረውን መረቅ በእንጀራ ጠርጋ፣ ያውም ቆማ፣ «እኔ ሽታው አጥግቦኛል» ትለን ነበር። እኛም አምነናት ነበር። ዛሬ እኛ ራሳችን ለልጆቻችን «ሽታው አጥግቦኛል» እንላለን። ይህን ያወረሰን ኮከብ አይደለም፤ ዐይናችን እያየ የተማርነው ነው። የተማሩትን ደግሞ ቀይሮ መማር ይቻላል። ሴት ልጃችንም አሁን እያየችን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በማኅበራችን ስብሰባ ያበሰለችው እኅት መጀመሪያ ትቀመጥ፤ የመጀመሪያው ጉርሻም ለእሷ ይሁን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቤታችን ያልለመድነውን እዚህ እንልመደው። «ምን አማረሽ?» የሚለውን ጥያቄም ለነፍሰ ጡር ብቻ አናስቀምጠው። የስልሳ ዓመት እናትም ትጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ድካም፣ ማዞር ወይም የአፈር አምሮት ያለባት እኅት ብቻዋን እንዳትቀር፤ አንዳችን አብረናት ጤና ጣቢያ እንሂድ። ቤት ውስጥም ልናደርገው የምንችለው አለ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ሰውነታችን ከምግቡ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቡናውን ማንም አይከለክለን፤ አንድ ሰዓት ያህል እናቆየው። ምስሩ ወይም ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ቲማቲም አብሮ መብላት ደግሞ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ አንዷ «ኮከቤ ነው» ስትል አንሳቅባት፤ አንቆጣትም። ቀስ ብለን «ምን ሆነሽ ነው?» እንበላት። ከኮከቡ ጀርባ የቤት ኪራይ ሊኖር ይችላል፤ ሐዘን ሊኖር ይችላል፤ ዱላም ሊኖር ይችላል። የመረዳጃ ማኅበር የሆንነው ለዚህ ነው።

ለረጂዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እርዳታችሁ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ስትመጡ «ስንት ቤተሰብ አገኘ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚያ ቀጥላችሁ «እናቲቱስ በላች?» በሉን። ዱቄቱ ቤት መግባቱና እሷ አፍ መድረሱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ልጨርስ። ከ12ቱ ኮከቦች አንዱ ሰንቡላ ይባላል። በጥንታዊ ሥዕሎች ይህ ኮከብ የሚሣለው በእጇ የእህል ዛላ በያዘች ድንግል ነው። ሰንቡላ የሚለው የዐረብኛ ቃል ትርጉሙ ግን ዛላው ነው። ስሙ ለእህሉ ወጣለት፤ የያዘችው ሴት ከስሙ ውስጥ የለችም። እኛም በየቤታችን እህሉን ይዘን፣ ፈጭተን፣ ጋግረን፣ አቅርበን ስናበቃ ከገበታው ላይ ስማችን መጥፋት የለበትም። ርቦኛል፣ አምሮኛል፣ ከፍቶኛል ማለት ነውር አይደለም። በራሳችን ስም እንበለው።

አሁን ምግቡ ቀርቧል፤ ያበሰሉት ይቅደሙ።